የጎደለችውን ደረጃ መፈለግ፦ ማንበብና ማስላት የከበዳቸውን ልጆች ስለ መርዳት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በምናገለግልበት ሰንበት ትምህርት ቤት አንድ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ የ6ኛ ክፍል ተማሪ። መዝሙር ሲጠና ከሁሉ ቀድሞ በቃሉ ይይዛል፤ ምንጣፍ ለማንጠፍ ከማንም በፊት ይደርሳል። አንድ እሑድ የዕለቱን የወንጌል ክፍል እንዲያነብ ስሙን ጠራን። ተነሥቶ መጽሐፉን ተቀበለ፤ ገጹን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ከኋላ የተቀመጡ ልጆች ሳቁ። እኛም ነገሩ ሳይገባን «በርታ፣ አትፈር፣ ጮክ በል» እያልን ጨመርንበት። ልጁ መጽሐፉን በአትሮንሱ ላይ አስቀምጦ ወጣ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም፤ በሦስተኛውም አልመጣም። ስድስት ዓመት ሙሉ ወደ ትምህርት ቤት የተመላለሰ ልጅ ፊደልን ከፊደል አጋጥሞ ማንበብ እንደማይችል ያወቅነው ቤቱ ሄደን ከእናቱ ጋር ከተነጋገርን በኋላ ነው።

በዚያ ዕለት የበደልነው እኛ እንጂ ልጁ አልነበረም። የማያነብ ልጅ በክፍሉ ይደበቃል፤ ከኋላ ይቀመጣል፤ የጓደኛውን ደብተር ይገለብጣል፤ የሚዘመረውን በቃሉ ይይዛል። መደበቂያው ሲገለጥበት ደግሞ ይሸሻል። ከትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያንም ይሸሻል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ የመምህራን ጉዳይ ብቻ ነው ብለን ልንተወው አይገባም። በዚህ ጽሑፍ ማንበብና ማስላት የሚከብዳቸውን ልጆች ወላጆች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮችና ምእመናን እንዴት ልንረዳ እንደምንችል ከአባቶቻችን የትምህርት ሥርዓት ጋር እያገናዘብን እንመለከታለን።

የችግሩ ሥር የት ነው?

የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ውጤት በተነገረ ቁጥር ሁላችንም እንደነግጣለን። የ2014 ዓ.ም. ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። ነገር ግን ይህ ውድቀት በ12ኛ ክፍል የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በሀገራችን በተለያዩ ቋንቋዎች የሚማሩ የታችኛው ክፍል ተማሪዎች የንባብ ችሎታ ተመዝኖ ነበር፤ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። ልጅ እስከ 3ኛ ክፍል ማንበብን ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እያነበበ ይማራል። የሳይንሱም፣ የታሪኩም፣ የሂሳብ ጥያቄውም በንባብ የሚመጣ ነው። በ2ኛ ክፍል ፊደል ያልተገለጠለት ልጅ በ5ኛ ክፍል የሚሰጠው ትምህርት ሁሉ እንደ ተዘጋ ደጅ ነው። መምህሩ ሥርዓተ ትምህርቱን መጨረስ አለበት፤ በክፍሉ ውስጥ ስድሳና ሰባ ልጆች ይኖራሉ፤ ወደ ኋላ ተመልሶ አንዱን ልጅ ከፊደል ለማስጀመር ጊዜ አያገኝም። ልጁ በየዓመቱ በክፍል ከፍ ይላል፤ በዕውቀት ግን የቆመው ከዓመታት በፊት በቀረባት ደረጃ ላይ ነው።

እንግዲህ የእርዳታው ሁሉ መጀመሪያ ያችን የጎደለች ደረጃ መፈለግ ነው። ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደ ሆነ መጠየቅ አይጠቅመንም፤ የት ላይ እንደ ቆመ ማወቅ ግን ይጠቅመናል።

ስለ ልጁ ከመፍረዳችን በፊት

ማንበብ ያቃተውን ልጅ ብዙዎቻችን በችኮላ ስም እንሰጠዋለን። «ሰነፍ ነው»፣ «ልቡ ጨዋታ ላይ ነው»፣ «አይገባውም» እንላለን። ከፍ ሲልም «ዐይነ ጥላ ተጠናውቶት ነው» የሚል ፍርድ ይሰጣል። በእርግጥ ልጅን ማስጠመቅ፣ ስለ እርሱ መጸለይ፣ ቅዱስ ቍርባን እንዲቀበል ማድረግ የክርስቲያን ወላጅ ተግባር ነው፤ ለማንኛውም ልጅ ሊቀርበት አይገባም። ነገር ግን ጠበል አጥምቀነው ስናበቃ ፊደሉን የሚያስቆጥረው ሰው ካላዘጋጀንለት የድርሻችንን አልሠራንም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ «ትምህርት እንዲገለጥለት» በሚል ሰበብ ልጁን ወደ ጠንቋይና ወደ አስማተኛ መውሰድ፣ የማይታወቅ ነገር ማጠጣት ነው። ይህ በነፍሱም በሥጋውም ላይ የሚፈጸም በደል ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም አጥብቃ ታወግዘዋለች።

ስለዚህ ከመፍረድ አስቀድመን አራት ነገሮችን እንመርምር።

አንደኛው ዐይንና ጆሮ ነው። ከሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አጥርቶ የማያይ ልጅ እንደማያይ ላያውቅ ይችላል፤ ሰው ሁሉ እንደ እርሱ የሚያይ ይመስለዋልና። መጽሐፉን ወደ ፊቱ እጅግ የሚያስጠጋ፣ ዐይኑን የሚያጨናብስ፣ ሲጠሩት ቶሎ የማይሰማ ልጅ ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። መነጽር ሲገኝለት «ሰነፍ» የተባለው ልጅ ጎበዝ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ሁለተኛው ኑሮው ነው። ቁርስ ሳይበላ የሚሄድ፣ ከትምህርት መልስ ታናናሾቹን የሚጠብቅ፣ ከብት የሚያግድ ወይም ሱቅ የሚቀመጥ፣ በሳምንት ሁለት ቀን የሚቀር ልጅ የሚያጣው አእምሮን ሳይሆን ጊዜን ነው።

ሦስተኛው ቋንቋው ነው። በቤቱ የሚናገረው አንድ ቋንቋ፣ በትምህርት ቤት የሚማርበት ሌላ ከሆነ ፊደሉን ቢለይም ያነበበው ቃል ትርጉም አይሰጠውም።

አራተኛው ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር፣ በቁጥር ሲሆን ደግሞ ዲስካልኩሊያ የሚባለው ነው። አስተዋይና አንደበተ ርቱዕ የሆነ ልጅ ፊደልን ከድምፅ ጋር ለማገናኘት፣ ወይም የቁጥርን መጠን በአእምሮው ለመያዝ ከሌሎች ይልቅ የሚቸገርበት ሁኔታ ነው። ይህ የስንፍናም የርግማንም ምልክት አይደለም። እንዲህ ያለው ልጅ ይማራል፤ ነገር ግን ከሌሎች ይልቅ ብዙ ድግግሞሽ፣ ብዙ ጊዜና ደረጃ በደረጃ የሚመራው ሰው ያስፈልገዋል። ባለሙያ በሚገኝበት ቦታ ማስመርመር መልካም ነው፤ ባይገኝም እንኳ ከዚህ በታች የምንዘረዝረው መንገድ ይጠቅመዋል።

ቅዱስ ያሬድንና ትሉን ስናስብ

ትምህርት የከበደውን ልጅ ስንመክር ሁላችንም የምናነሣው የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ነው። በልጅነቱ በአጎቱ በጌዴዎን ዘንድ በአክሱም ሲማር ትምህርቱ አልገባው አለ፤ ተገረፈም፤ ሸሽቶም ሄደ። በመንገድ ላይ ከዛፍ ጥላ ሥር ዐርፎ ሳለ አንድ ትል ዛፉን ሊወጣ ሲሞክር ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ሲደርስ ተመለከተ። ከዚያም ልቡናውን አጽንቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ እግዚአብሔርም ምሥጢርን ገለጠለት። የዜማችን አባት እርሱ ነው።

ይህን ታሪክ ለልጆች ስንናገር «አንተም እንደ ትሉ ታገሥ» ብለን እንጨርሳለን። እውነት ነው፤ ነገር ግን ታሪኩ ለእኛ ለታላላቆችም የሚናገረው አለው። በመጀመሪያ ያሬድን ከጉባኤው ያሸሸው ጅራፍ ነው፤ ትምህርቱን ያስገባለት ግን ጅራፍ አልነበረም። ሁለተኛም ሲመለስ ደጁ ተዘግቶ አላገኘውም፤ አጎቱ ተቀበለው። ልጁ እንዲታገሥ የምንመክር ከሆነ ሲመለስ የምንቀበለው እኛም ታጋሾች መሆን ይገባናል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ በጌታ ምክር እንዲያሳድጉአቸው ያዘዘው (ኤፌ. 6፥4) ለዚህም ጭምር ነው። በፍርሃት የተያዘ ልጅ ዐይኑ ፊደሉ ላይ ቢሆንም ልቡ በትሩ ላይ ነው።

የየኔታ ጉባኤ ምን ያስተምረናል?

በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው የሚያውቀው ሥርዓት አለ። የኔታ «ይህ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው?» ብለው ትምህርት አይሰጡም። ፊደል ያልለየ ፊደል ይቈጥራል፤ የለየ ወደ ንባብ ያልፋል፤ ንባቡም ከቁጥር ወደ ግእዝ፣ ከግእዝ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ንባብ ወደ ቁም ንባብ እየተሸጋገረ ከመልእክተ ዮሐንስ ተነሥቶ ዳዊት እስከ መድገም ይደርሳል። የስድስት ዓመት ሕፃንና የዐሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፊደል ቢቈጥሩ ማንም አይስቅም። አንዱን ደረጃ ሳያጠሩ ወደ ሌላው ማለፍ የለም፤ ደረጃውን ያጠራ ልጅም ሌላውን እስኪጨርስ አይጠብቅም።

ሁለተኛው መልካም ሥርዓት ተማሪ ተማሪን ማስተማሩ ነው። ዳዊት የሚደግመው ንባብ የሚያነበውን፣ ንባብ የሚያነበው ፊደል የሚቈጥረውን ያስቀጽላል። የኔታ አንድ ቢሆኑም ጉባኤው ብዙ መምህራን አሉት። ሦስተኛው ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ቀርቦ መሰማቱ ነው። በስድሳ ተማሪ መካከል በኅብረት ሲጮኽ ድምፁን ከሌሎች ድምፅ ጋር ቀላቅሎ የሚደበቅ ልጅ ከየኔታ ፊት ሲቀርብ የሚያውቀውም የማያውቀውም ይለያል።

በዘመናችን በትምህርት ጥናት ብዙ የተነገረለት አንድ ዘዴ ከዚህ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። በሕንድ ሀገር ፕራታም የተባለ ድርጅት ልጆችን በዕድሜና በክፍል ሳይሆን በሚያነቡበት ደረጃ እየመደበ ያስተምራል። ልጁ ፊደል፣ ቃል፣ አንቀጽ፣ ታሪክ ከሚሉት በየትኛው ላይ እንደ ቆመ በጥቂት ደቂቃ ይለካና በዚያው ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ምሁራን መካከል ሁለቱ ይህን ዘዴ ለዓመታት በመስክ መዝነው ልጆችን እንደሚጠቅም አሳይተዋል። ዓለም አሁን የሚያመሰግነው አሠራር መሠረቱ በአብነት ትምህርት ቤታችን ደጃፍ እንዳለ ስናይ ልንደሰትም፣ ልንጠቀምበትም ይገባናል። ከአብነቱ የማንወርሰው ነገር ቢኖር በትሩን ብቻ ነው።

ንባብን ደረጃ በደረጃ

በመጀመሪያ ልጁን ለብቻው፣ ሌሎች በማይሰሙበት፣ ነገር ግን በግልጽ በሚታይ ቦታ እናስቀምጠው። «ፈተና ነው» አንበለው። ከዚያ አራት ነገሮችን በየተራ እናቅርብለት። ቅደም ተከተላቸውን ያልጠበቁ ዐሥር ፊደላት፤ እንደ ላም፣ ቤት፣ ውኃ ያሉ አጫጭር ቃላት፤ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር፤ በመጨረሻም አራት አምስት ዐረፍተ ነገር ያለው ቀላል ታሪክ። መጀመሪያ የተሰናከለበት ቦታ የትምህርቱ መጀመሪያ ነው። ጊዜው ከዐሥር ደቂቃ አይበልጥም።

በፊደል ላይ ለተሰናከለ። የአማርኛ ፊደል ቨን ሳንቈጥር ሠላሳ ሦስት ነው፤ እያንዳንዱም ሰባት መልክ ስላለው 231 ይሆናል። ብዙ ልጆች «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያሉ እስከ መጨረሻው ይወርዱታል፤ ከመካከል አንዱን ብንጠቁማቸው ግን ከመጀመሪያው ካልቈጠሩ አያውቁትም። ዜማውን ያዙ እንጂ ፊደሉን አልያዙም። አባቶች ይህን ስለሚያውቁ ነው ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳን ያስቈጠሩት፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። የመጀመሪያው ፊደል በግእዝ፣ ሁለተኛው በካዕብ፣ ሦስተኛው በሣልስ እያለ ስለሚሄድ በቃል የተያዘውን ቅደም ተከተል ሰብሮ ዐይን ፊደሉን እንዲያይ ያስገድዳል። እኛም እንዲሁ እናድርግ። ፊደላትን በካርቶን ቈርጠን እየቀላቀልን እናሳይ፤ በስንደዶ እየጠቈምን እንጠይቅ። በቀን ከአምስት አዲስ ፊደል አይብለጥ፤ የትናንቱም ሳይከለስ አይታለፍ።

መልኩንም እናስተውልለት። ቡ፣ ቱ፣ ኩ በቀኝ ጎናቸው ቅጥያ እንዳላቸው፣ ቤ፣ ቴ፣ ኬ ከቀኝ እግራቸው ሥር ቀለበት እንዳላቸው ራሱ እንዲያገኘው እንተወው። ሳድስ ግን እንደ ሌሎቹ አንድ ወጥ መልክ የለውም፤ ል፣ ም፣ ር፣ ት፣ ን እያልን ለብቻው ማስጠናት ያስፈልጋል።

በቃል ላይ ለተሰናከለ። ፊደሉን ለይቶ ቃሉን የማያገኝ ልጅ ድምፆቹን ማጋጠም አልቻለም ማለት ነው። «ሰ፣ ማ፣ ይ» ብሎ ከቈጠረ በኋላ «ሰማይ» እስኪል ድረስ ቀስ በቀስ እያቀራረብን እናስደግመው። የአማርኛ ጽሕፈት ላልቶና ጠብቆ የሚነበበውን እንደማይለይም እናስታውስ። «ገና» ሲላላ «እስካሁን» ማለት ሲሆን ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። ፊደሉ አንድ ነው፤ የሚለየው ትርጉሙ ነው። ስለዚህ ልጁ የሚያውቃቸውን የቤቱን፣ የመንደሩንና የቤተ ክርስቲያኑን ቃላት አስቀድመን እንስጠው።

በትርጉም ላይ ለተሰናከለ። አንዳንዱ ልጅ ሳይደናቀፍ ያነባል፤ «ምን ይላል?» ሲሉት ግን መልስ የለውም። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ይታሰበናል። በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር፤ ፊልጶስም የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ጠየቀው፤ እርሱም የሚመራው ሳይኖር እንዴት እንደሚችል መልሶ ጠየቀ (ሐዋ. 8፥26-39)። ፊልጶስ ስላለማስተዋሉ አልዘለፈውም፤ ከሠረገላው ላይ ወጥቶ ከጎኑ ተቀመጠና ከዚያው ካነበበው ቃል ጀመረ። መርዳት ማለት ይህ ነው። ከልጁ ጋር ተቀምጠን ከየአንቀጹ በኋላ «ማን ነው? ምን አደረገ? ለምን?» እያልን እንጠይቀው፤ በራሱ ቃል እንዲተርክልንም እናድርግ።

ቁጥርንና ስሌትን ደረጃ በደረጃ

በሂሳብም መንገዱ ያው ነው። ልጁ ነገሮችን መቍጠር፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥሮችን ማንበብ፣ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ይችል እንደ ሆነ በየተራ እንይ። የ7ኛ ክፍል ልጅ ክፍልፋይ ቢያቅተው ችግሩ ያለው ብዙ ጊዜ ከክፍልፋዩ ላይ ሳይሆን ከማካፈሉ፣ ከማካፈሉም ወደ ኋላ ከማባዛቱ ላይ ነው።

ቁጥርን በወረቀት ከመጻፉ በፊት በእጁ ይያዘው። ጠጠር፣ ሽንብራ፣ ባቄላ ይበቃል። ዐሥር ዐሥሩን በአንድ እያሰረ ይቍጠር፤ ያን ጊዜ «ሠላሳ አራት» ሦስት እስርና አራት ፍሬ መሆኑን በዐይኑ ያያል። ብዙ ልጆች «መቶ አምስት» ጻፉ ሲባሉ 1005 ብለው ይጽፋሉ። ይህ ቂልነት አይደለም፤ የሰሙትን መጻፋቸው ነው፤ መቶን ጻፉ፣ ከጎኑም አምስትን ጻፉ። በግእዝ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ፻፭ ብለው በትክክል በጻፉት ነበር፤ የግእዝ ቁጥር ዜሮ የለውምና መቶው የራሱ ምልክት አለው። በ105 ግን የአንድ ቤት፣ የዐሥር ቤት፣ የመቶ ቤት አለ፤ ዜሮው ባዶውን የዐሥር ቤት የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ሁለቱን አጻጻፍ ጎን ለጎን አድርገን ብናሳየው ልጁ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ይገባዋል።

ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ የስሌት መለማመጃ ሞልቷታል። መዝሙረ ዳዊት ዐሥር ዐሥር መዝሙር በያዙ ዐሥራ አምስት ክፍሎች ስለሚከፈል 15 ሲባዛ በ10፣ 150 ይሆናል። ዐቢይ ጾም ስምንት ሳምንት ነው፤ 8 ሲባዛ በ7፣ 56 ይሆናል፤ የትንሣኤን ዕለት ስንቀንስ 55 ቀን ጾም ይቀራል። ዐሥራ ሁለቱ ወራት ሠላሳ ሠላሳ ቀን ናቸው፤ 360 ይሆናል፤ ጳጉሜን አምስት ስትሆን 365፣ ስድስት ስትሆን 366 ይመጣል።

ማካፈልን ለሚለማመድ ልጅ ባሕረ ሐሳብ መልካም መምህር ነው። በ2018 ዓ.ም. እንሞክረው። 5500 ዓመተ ኵነኔን በ2018 ላይ ስንደምር 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። 7518ን ለ4 ስናካፍል ሁለት ይቀራል። አንድ ሲቀር ማቴዎስ፣ ሁለት ሲቀር ማርቆስ፣ ሦስት ሲቀር ሉቃስ፣ ምንም ሳይቀር ዮሐንስ ነውና ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። ለበረታው ልጅ ደግሞ እንቀጥልለት። 7518 ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንድ ሲቀነስ 12 ወንበር ይሆናል። 12 በ11 ሲባዛ 132 ነው፤ በሠላሳ ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228 ነው፤ በሠላሳ ሲገደፍ 18 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሠላሳ ከመጡ ልጁ ስሌቱ ትክክል መሆኑን ማንንም ሳይጠይቅ ያውቃል። «ሂሳብ ምን ያደርግልኛል?» ለሚል ልጅ ጾመ ነነዌ መቼ እንደሚገባ የሚታወቀው በዚሁ ማካፈልና ማባዛት መሆኑን ማየት ትልቅ መልስ ነው።

በአጥቢያችን ምን እናድርግ?

ይህን ለመጀመር ሕንፃም ብዙ ገንዘብም አያስፈልግም። አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል፣ የፊደል ገበታ፣ ጥቂት ቀላል መጻሕፍትና ታማኝ የሆኑ አራት አምስት አገልጋዮች ይበቃሉ። ከተሞክሮአችን የጠቀሙንን እንጠቁም።

መርሐ ግብሩ አጭርና ተደጋጋሚ ይሁን። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከማስተማር በሳምንት አራት ቀን ሠላሳ ደቂቃ ማስተማር ይሻላል። የክረምቱ ዕረፍት ደግሞ ታላቅ ዕድል ነው፤ የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ወደየቤታቸው ይመለሳሉ፤ ሁለት ወር በትጋት ቢሠራ ብዙ ልጅ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ይሻገራል።

በአንድ አገልጋይ ዘንድ የሚቀመጡት ከአምስት ወይም ከስድስት ልጅ አይብለጡ። ምድቡ በዕድሜ ሳይሆን በደረጃ ይሁን፤ በየወሩም ይከለስ፤ ያጠራ ይለፍ። ምድቡ «የደካሞች» ተብሎ አይጠራ፤ ልጁ ከሚሸሽበት ስም ጋር ድጋሚ አናገናኘው።

የልጁን ክብር እንጠብቅ። በጉባኤ መካከል ድንገት «አንብብ» አንበለው። የሚያነብ ከሆነ ከሦስት ቀን በፊት ክፍሉን ሰጥተን እናለማምደው። ትልቅ ሆኖ ቀላል መጽሐፍ ማንበብ ለሚያሳፍረው ልጅ ደግሞ አንድ መልካም ዘዴ አለ፤ ለሕፃናት እንዲያነብላቸው ኃላፊነት መስጠት ነው። የሕፃናቱን መጽሐፍ የያዘው ስለማያውቅ ሳይሆን ስለሚያገለግል ይሆናል።

ወላጆችንም እንያዝ። ማንበብ የማትችል እናት ልጇን መርዳት ትችላለች። ማታ ቡና ሲፈላ አንድ ገጽ እንዲያነብላት ብታደርግ፣ ሲጨርስም «እስኪ ምን ይላል?» ብላ ብትጠይቀው ትርጉሙን አስተማረችው ማለት ነው። ልጇ ላነበበላት ነገር ደስ ሲላት ማየት ለልጁ ከየትኛውም ሽልማት ይበልጣል። ከትምህርት ቤቱ መምህር ጋርም እንነጋገር፤ እኛ የምንሠራው ሥራቸውን ለመንቀፍ ሳይሆን ለማገዝ መሆኑን እንግለጥላቸው።

በመጨረሻም ጥቂቷን እድገት እንመዝግብ። በጥቅምት ዐሥር ፊደል የነበረው በኅዳር አርባ ከደረሰ ይህን ለራሱ እናሳየው። ከጓደኛው ጋር አናወዳድረው፤ ከትናንቱ ከራሱ ጋር እናወዳድረው። ሐዋርያው የቆሮንቶስ ምእመናንን ጽኑ መብል ገና ስላልቻሉ ወተት እንደ ጋታቸው ነግሮናል (1ኛ ቆሮ. 3፥2)። ወተት መስጠት ውርደት አይደለም፤ ለሚቀበለው እንደሚገባው መስጠት ነው።

የተመለሰው ልጅ

በመግቢያችን ያነሣነው ልጅ ወዴት ደረሰ? ቤቱ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። ታላላቆቹ ይቅርታ ሲጠይቁት ምን እንደሚመልስ ስላላወቀ ዝም ብሎ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ከብዙ ሳምንት በኋላ መጣ፤ ከመርሐ ግብሩ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ፣ ከአንድ አገልጋይ ጋር ለብቻው። ስንለካው ፊደሉን ያውቃል፤ የሚሰናከለው በቃል ላይ ነበር። ስድስት ዓመት ያስቸገረችው ያች አንዲት ደረጃ ነበረች።

ዛሬም ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው፤ ጣቱን ከመስመሩ ሥር አያነሣም። የ7ኛ ክፍል መጻሕፍቱ አሁንም ይከብዱታል፤ መንገዱ ገና ነው። ነገር ግን እሑድ እሑድ ከመርሐ ግብሩ በፊት ከአንድ የስድስት ዓመት ሕፃን ጋር የፊደል ገበታ ይዘው ተቀምጠው እናያቸዋለን፤ በስንደዶ የሚጠቁመው እርሱ ነው።

ጌታችን ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የጠፋውን አንዱን በግ የሚፈልገውን እረኛ ምሳሌ አስተምሮናል (ሉቃ. 15፥4-7)። በየሰንበት ትምህርት ቤታችን ከኋላ ተቀምጦ በቃሉ የሚዘምር፣ መጽሐፍ ሲቀርብለት ግን ዐይኑን የሚሰብር ልጅ አይጠፋም። በዚህ ሳምንት አንዱን ለይተን ከጎኑ እንቀመጥ፤ ዐሥር ደቂቃ እንስማው፤ የጎደለችውን ደረጃ እናግኝለት።

ልጆቻችንን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልን፤ እኛንም ታጋሽ ልቡና ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።